ከጅዳ የመጣው ሐረግ

ሐረጉን ከጅዳ ያመጣችው ልጄ ነሲባ ናት። አብራት ትሠራ የነበረች ህንዳዊት ዘሩን ሰጥታት፣ መርሳ ካለው ቤታችን አጥር ሥር ተከለችው። አጥሩ ላይ ወጥቶ አበበ፤ ሲያፈራ ደግሞ ፍሬው ቀይ፣ ጫፉ ላይ ጥቁር ዓይን ያለው ነው። መርዝ ነው፣ የልጅ አፍ እንዳይገባ ብላኛለች ነሲባ። ዓረብ አገር የከረመ ሰው ምን የማይፈራው አለ ብዬ ሳቅሁባት።

እኔ የምፈራው የሰው ዓይን ነው። የልጅ ልጄን ኢሕሳንን፣ የአስር ወር ሕፃን፣ ጎረቤቱ ሁሉ "እንዴት ታምራለች" ይላል፤ ማሻአላህ የሚል ግን የለም። ጥቁሩ ዓይን ክፉ ዓይንን ይመልሳል አልሁና መርፌ በእሳት አግዬ ዘጠኝ ፍሬ በሳሁ፣ በክር ሰካሁ። ነሲባ ሱቅ ስትሄድ ልጅቱ አንገት ላይ አስረዋለሁ፤ ስትመለስ ፈትቼ እደብቃለሁ። በስተርጅና ሌባ ሆንሁ በሉ።

ማክሰኞ ክሩ ተበጠሰ። ምንጣፉ ላይ ያገኘሁት ስምንት ነው። ኢሕሳን አፏን ታላምጣለች፤ ጣቴን ከትቼ ባስስ ባዶ። ወይኔ ሀጂራ። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ እኔን ያልፈራሁት ደረሰብኝ። ስምንቱን ከነክሩ ኪሴ ከትቼ ለነሲባ ደወልሁ። ከአጥር ሥር ለቅማ ዋጠች አልኋት። እውነቱን ልናገር ነበር፣ ምላሴ እምቢ አለ።

ወደ ወልድያ ስንከንፍ ሚኒባሱ ሲሪንቃ ላይ ሰው ሊጭን ቢቆም ሾፌሩን እስከ ሰባት ቤቱ ረገምሁት።

የክሊኒኩ ሐኪም ነሲባ ያለችውን ሰማ፣ ስልኩ ላይ አነበበ፣ ፊቱም ፈታ አለ። መርዙ ከውስጥ ነው፤ ሽፋኑ ደንዳና ስለሆነ ሳታኝከው ከዋጠችው እንዳለ ይወጣል፤ ቤታችሁ ሆናችሁ ተከታተሏት አለን። ነሲባ አልሐምዱሊላህ ብላ አለቀሰች።

የእኔ ጣት ኪሴ ውስጥ የፍሬዎቹን ቀዳዳ ይዳስሳል። ዝም ብል የሚያውቅብኝ የለም። ልጄ ግን ሬሳ ታቅፋ ልታድር ነው። ኢሕሳን ጭኔ ላይ ሆና ሻሼን ትጎትታለች።

"ዶክተር፣ ፍሬው ተበስቷል" አልሁ። "በመርፌ የበሳሁት እኔ ነኝ።" ስምንቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁ።

ሐኪሙ ብድግ አለ። አሁኑኑ ትተኛለች፣ ሦስት ቀን ሳያልፍ ትተርፋለች ማለት አልችልም አለ። ነሲባ ፍሬውን አየች፣ ክሩን አየች። እኔን አላየችኝም። ልጇን ከጭኔ አንስታ ሐኪሙን ተከተለች። ልከተላት ስነሳ በሩ ላይ ቆመች።

"እማ፣ እዚያው ቅሪ" አለችኝ።