በእርጥብ ሰጋቱራ ውስጥ የቀሩ ዘሮች

ዘር ማከማቻው ውስጥ ሰው ሁሉ «ሚዛን» ነው የሚላት። አንድ እፍኝ ዘር መዳፏ ላይ አድርጋ፣ ጣቶቿን ከፈት ጨበጥ ታደርግና «ይሄ ገና ሦስት ቀን ይቀረዋል» ካለች፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው እውነተኛ ሚዛንም ከዚያ የተለየ አይናገርም። ሃያ ዓመት ሙሉ የጫካ ዛፍ ዘር ስታደርቅ ኖራለች። በጨርቅ ከረጢት ላይ ትዘረጋዋለች፣ ስትነቀንቀው እስኪንኮሻኮሽ ትጠብቀዋለች፣ ከዚያ አሽጋ ቀዝቃዛው ክፍል ታስገባዋለች። «ሚዛን» የማትላት ታናሽ እህቷ ብቻ ናት።

«እትዬ» ትላታለች፣ ያውም በሰው ፊት።

«እዚህ ቤታችን አይደለም፤ እንደ ሰው ሁሉ ሚዛን በይኝ» ብትላት ታናሺቱ ትስቃለች።

«እትዬን ሚዛን ካልኩ ሞቼ እገኛለሁ!»

እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ሚዛንን የሚያንገበግባት መጠሪያው አልነበረም። እናታቸው ስትሞት ትምህርቷን ከአሥረኛ ክፍል አቋርጣ ይህችን ልጅ አሳድጋለች፣ አስተምራለች። ያስተማረቻት ልጅ ተምራ ተምራ፣ ዲግሪዋን ይዛ፣ ሌላ ቦታ የጠፋ ይመስል እዚሁ እሷው መሥሪያ ቤት መጣችላት። መስኮት አጠገብ ያለው ወንበርም ተሰጣት። ዘር ለቃሚዎቹ ድሮ ከጫካ ሲመለሱ ከረጢቱን የሚያራግፉት ሚዛን ፊት ነበር፤ አሁን በር ላይ ቆመው አንገታቸውን እያሰገጉ «ታናሽሽ የለችም እንዴ?» ይላሉ። ሚዛን ቀናች። በገዛ እህቷ፣ በገዛ ልፋቷ ፍሬ ቀናች።

አንድ ጠዋት ለቃሚዎቹ ሁለት መቶ አርባ ዘር አመጡ፤ እያንዳንዱ የእርግብ እንቁላል ያክላል። ዘሩን የሚሰጡት እናት ዛፎች ከአሥር አይበልጡም፣ የሚያፈሩትም በስምንት ዓመት አንዴ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ሁለቱን እህትማማቾች ጠራ።

«እነዚህ አይደርቁም» አለች ታናሺቱ። «ከመቶ ግራሙ አርባ አምስቱ ውሃ ነው። እንደ ሌላው ዘር ደርቀው መተኛት አያውቁም፤ ከፍሬው ሲወጡ መብቀል ጀምረዋል። ከደረቁ ይሞታሉ። በእርጥብ ሰጋቱራ ይዘን ቶሎ እንዝራቸው።»

ኃላፊው ወደ ሚዛን ዞረ። «እርስዎስ ምን ይላሉ?»

አንዱን ዘር አንስታ መዳፏ ላይ አስቀመጠችው። ከበዳት፣ ቀዘቀዛት። እጇ ወዲያው አወቀ። የዛሬ ስምንት ዓመት ከእነዚሁ ዛፎች የመጣውን ያደረቀችው እሷ ነበረች። አንድም ሳይበቅል ሲቀር መዝገቡ ላይ «ሳይበስል የተለቀመ» ብላ ጽፋ ጥፋቱን በለቃሚዎቹ አላክካለች። ኃላፊው ያኔ አልነበረም። «ልጅቱ ልክ ናት» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። ግን ቀና ስትል የታናሿን ፊት አየች፤ ምንም የማይጠራጠር፣ ጥርት ያለ ፊት።

«ሃያ ዓመት አድርቄያለሁ» አለች። «ሳይደርቅ የተቀመጠ ዘር ይሻግታል እንጂ አይቆይም።»

«በቃ ይድረቅ» አለ ኃላፊው።

እንዲህ በቀላሉ! ዲግሪው፣ የመስኮቱ ወንበር፣ ሁሉም በእሷ አንድ ቃል ገደል ገባ። ለካ ሰውየው የሚያምነው እሷን ኖሯል። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ደስ ግን አላላትም።

ያን ዕለት ከሰዓት ዘሩን ማድረቂያው ክፍል ስትዘረጋ አሥሩን ኪሷ ከተተች። ብቻዋን ወደምትኖርበት ቤት ወስዳ፣ በባዶ የማርጋሪን ቆርቆሮ እርጥብ ሰጋቱራ ውስጥ ቀብራ፣ ዕቃ ማጠቢያው ሥር ሸጎጠቻቸው። «ሲበሰብሱ አሳያታለሁ» አለች ለራሷ። እሺ፣ እንበል። ግን እንዲበሰብስለት የሚፈልግ ሰው በየሦስት ቀኑ ክዳን ከፍቶ አየር ያስገባል? ሰጋቱራው እንዳይደርቅ በጣቱ ውሃ ይረጫል?

በአራተኛው ቀን ታናሺቱ ማድረቂያው ክፍል በር ላይ ጠበቀቻት።

«እትዬ፣ በሞቴ። እኔን አልሰሙኝም፣ አንቺን ግን ይሰማሉ። አንድ ቃል ብትነግሪያቸው ዛሬውኑ እናወጣቸዋለን፤ ጥቂቱ እንኳ ይተርፋል።»

«አንቺ ልጅ፣ ደግሞ ሥራዬን ልታስተምሪኝ ነው?»

የታናሺቱ ዓይን እንባ አቀረረ። ሚዛን ገፋ አድርጋት ገባች።

ዘሮቹ አሥር ቀን ደረቁ። ከዚያ አሸዋ በሞላው ሳጥን ውስጥ ተዘሩ፣ ሦስት ሳምንት ተጠበቀ። አሸዋው እንደተዘራበት ዕለት ለጥ እንዳለ ቀረ። ታናሺቱ አንድ በአንድ እያወጣች በምላጭ ስትሰነጥቃቸው፣ ነጭ መሆን የነበረበት ውስጣቸው ግራጫ ሆኗል። መዝገቡ ላይ «ዜሮ» ብላ ጻፈች፤ ማንንም አልወቀሰችም። ኃላፊው «ምናልባት ሳይበስል ተለቅሞ ይሆናል» ብሎ ሊያጽናናት ሞከረ። ሚዛን ይህን ስትሰማ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ከሥራ ተመልሳ ቆርቆሮውን ከፈተችና ለመጀመሪያ ጊዜ ሰጋቱራውን ገለጥ አደረገችው። ስምንቱ በቅለዋል። ነጫጭ ሥራቸው ሰጋቱራውን አልፎ ታች ድረስ ወርዷል። ወጥ ቤቷ ወለል ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም፤ ዛፉ ግን ለሌላ ስምንት ዓመት ዘር የለውም፣ ያውም እናት ዛፎቹ እስከዚያ ከቆዩ። ይዛቸው ብትሄድ ደግሞ ቆርቆሮው ራሱ ያሳብቅባታል።

በማግስቱ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው።

ኃላፊው ከወንበሩ ብድግ አለ። «አላልኩም! ሃያ ዓመት የሠራ እጅ! እርስዎ ባይኖሩ ምን ይውጠን ነበር?»

ይህንን ቃል ስንት ዓመት ስትጠብቀው ኖራለች!

ታናሺቱ ግን ወደ ቆርቆሮው ጠጋ አለች። አንዱን ቡቃያ በሁለት ጣቷ ቀስ ብላ አነሳች፣ የሥሩን ርዝመት አየች፣ በሆዷ ቀን ቆጠረች።

«መቼ ነው ያነሳሻቸው?»

«የመጡ ዕለት።»

«ሳይደርቁ?»

«ሳይደርቁ።»

«ታውቂ ነበራ።»

ሚዛን ወደ ኃላፊው አላየችም። «አውቅ ነበር» አለች። «የዛሬ ስምንት ዓመትም የገደልኳቸው እኔው ነኝ። ቀንቼብሽ ነው።»

የኃላፊው ፈገግታ መግቢያ አጥቶ ፊቱ ላይ ቀረ። ታናሺቱ ቆርቆሮውን አቅፋ ወደ ችግኝ ጣቢያው ወጣች፤ ሚዛንም ከኋላ ከኋላዋ ተከተለቻት። ታናሺቱ ስምንት የላስቲክ ከረጢት ደረደረች። የመጀመሪያውን ቡቃያ ሥሩ እንዳይሰበር ደግፋ አስገባችና፣ ፊቷን ሳታዞር አንድ እጇን ወደ ኋላ ዘረጋች።

«ሚዛን» አለች፣ «አፈር አቀብይኝ።»

ሚዛን በሁለት እጇ አፍሳ አቀበለቻት።