ለእሑድ የሚሆን ምሳሌ

«እንግሊዝኛው እኮ ሌላ ነው የሚለው» አለች ሐዊ፣ ሁለቱን መጽሐፍ ቅዱስ ጎን ለጎን ዘርግታ።

በኦሮምኛ አኮ የምትላቸው አያቷ ወይዘሮ ወርቅቱ ከሚለቅሙት ምስር ቀና አሉ። እሑድ ከውጭ አገር የመጡ እንግዶች ቤተ ክርስቲያን ይገኛሉ። ፓስተር ኢብሳ በአማርኛ ሲሰብክ ሐዊ አጠገቡ ቆማ ትተረጉማለች። ልጅቷ ከጭንቀቷ ብዛት እህል አልቀምስ ብላለች፤ አሮጊቷም አልበላችም፣ ይበርዳታል እያሉ ሲብሰለሰሉ ነው የሰነበቱት።

«ምን ይላል?»

«የእኛው ‹የልጅነት መንፈስ› ይላል። የእነሱ ግን ጉዲፈቻ ነው። እግዚአብሔር በጉዲፈቻ ወሰደን እንደ ማለት።»

ሰፌዱ ከጭናቸው ሊንሸራተት ሲል ያዙት። ያ ቃል በዚህ ቤት ተነሥቶ አያውቅም። ሐዊን ገና ጨቅላ ሳለች ከበቆጂ ሲቀበሏት፣ ሽማግሌዎች ፊት ተማምለዋል፤ ልጅቷ የልጃቸው የገላና ናት፣ ሌላ የሚል ምላስ የተረገመ ይሁን ተብሏል። የወለደቻት ሴት ዛሬም በቆጂ ገበያ ገብስ ትሸጣለች።

«የእኛኑ ተርጉሚዋ። ልጅ ልጅ ነው» አሉ።

«እንግዶቹ መጽሐፋቸውን ገልጠው ሲያዩ ተሳሳተች ይሉኛል። ጉዲፈቻ ካልኩም የራሳቸው አገር ልማድ ነው ወደ ሐሳባቸው የሚመጣው። እነሱ ጋ እኮ ለልጁ በግልጽ ይነገረዋል አሉ። እኛ ጋ ግን ልጁ ራሱ አያውቅም ይባላል። እውነት ነው፣ አኮ?»

«ማን ነገረሽ?»

«ፓስተር። ከሰፈራችሁ አንድ ምሳሌ ፈልጊ ብሎኛል። እትዬ ሸዋዬን ልጠይቃቸው ነው፤ እሳቸው የማያውቁት ቤት የለ።»

ጎረቤታቸው ሸዋዬ በመሐላው ቀን ከነበሩት ሰዎች በሕይወት ካሉት አንዷ ናቸው፤ ካረጁ ወዲህ ደግሞ አፋቸው በር የለውም። በቀደም ለቅሶ ቤት ሐዊን አስተውለው ‹ቁርጥ እናቷን› ሲሉ፣ ወርቅቱ እያሳሉ አድበስብሰውታል። የገላና ሚስት ከሐዊ ጋር በምንም አትመሳሰልም።

ጓዳ ገብተው፣ ስንዴ ሊጭን ኢተያ ወደ ሄደው ልጃቸው ደወሉ። ገላና እስኪጨርሱለት አልጠበቀም።

«እማዬ፣ መሐላ አለብን። ከተናገርሽ ልጄን ቀማሽኝ ማለት ነው» ብሎ ዘጋው።

ሲመለሱ ሐዊ ጃኬቷን ደርባ ጫማዋን እያሰረች ነበር። ከጭላሎ ተራራ የወረደው ጉም አጥሩን ውጦ፣ የሸዋዬ ቤት ጣሪያ ብቻ ይታያል። አሁን ብትሄድ ነገሩን የምትሰማው ከጎረቤት አፍ ነው፣ ምናልባትም ከሳቅ ጋር። ይህን የልጅቷ ሆድ እንዴት ይችለዋል? እርግማኑም ካለ በእኔ ይውረድ አሉ በልባቸው።

«ቶሎ እመጣለሁ፣ አኮ።»

ወይዘሮ ወርቅቱ ቀድመዋት ሄደው በሩን ዘጉት። መደቡ ላይ ያለውን ፍራሽ በእጃቸው ጠረጉላት።

«ተቀመጪ» አሉ። «ምሳሌውን እኔ እነግርሻለሁ። አባትሽ ሳይመለስ።»