የብረት ድልድዩ ድምፅ

ልጄ በማግስቱ ወደ ጦርነቱ ልትመለስ ነበር። ጋዜጠኛ ናት፤ የምትዘግበው የሰው አገር ጦርነት ነው። ባለቤቴ በር ላይ ይዛኝ፣ «አንተ ሰውዬ፣ አልሄድም የሚል ቃሏን ሳትቀበል እንዳትመጣ» አለችኝ። ልጅቷ ያን ቀን ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስለ ሥራዋ ትናገር ነበርና ወደዚያው ሄድኩ።

አዳራሹ ጢም ብሏል። አንድ ተማሪ ጠጋ ብሎ ቦታ ሰጠኝ።

«አባባ፣ ዘንድሮ ነው የተመዘገቡት?»

«ባለፈው ዓመት ወድቄ ነው» አልኩት። ጓደኞቹ ሳቁበት።

ልጄ ከታች ብቻዋን ቆማለች። ቤት ውስጥ ድምፅዋ አይሰማም፤ እናቷ ሁልጊዜ «አሞሻል እንዴ?» ትላታለች። እዚህ ግን ያ ሁሉ ወጣት ትንፋሹን ውጦ ያዳምጣታል።

መብራቱን አስጠፋችና የቀዳችውን ድምፅ አሰማች። መጀመሪያ ዝናብ መሰለኝ። እየበረታ ሄደ።

«ሰዎች ናቸው» አለች። «ድንበር ላይ ያለውን የብረት ድልድይ ሲሻገሩ።»

የሚናገር የለም። ሕፃን እንኳ አያለቅስም። እግር ብቻ። አላልቅ አለ። አገር የሚያህል ሕዝብ በአጠገቤ የሚያልፍ መሰለኝና መንገድ ልለቅላቸው እግሬን ሰበሰብኩ። ጎኔ ያለው ቀልደኛም እግሩን ሰብስቧል።

መብራቱ ሲበራ አንዲት ተማሪ ተነሳች። «ቦታውን ለማያውቅ ሰው ይህን እንዴት አድርገሽ ነው የምትጽፊው?»

«ጽሑፌን ከመላኬ በፊት ለአባቴ በስልክ አነብለታለሁ» አለች ልጄ። «እሱ ጫማ ሰፊ ነበር። ይህን ሳነብለት፣ ‹ጫማ አድርገዋል?› አለኝ። ልብ አላልኩም ነበር። በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩ፤ ገና እየተሻገሩ ነው። ጫማቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ብረቱ ከጮኸ ወታደሮቹ ይሰማሉ።»

እኔ ስትደውል ናፍቃን የምታወራ ነበር የሚመስለኝ። የጠየቅኳትንም ረስቼዋለሁ። ለካ በእኔ አንድ ቃል ልጄ ወደዚያ ድልድይ ተመልሳለች። ደነገጥኩ። ኩራትም ነበረበት፤ አልዋሽም።

ውጭ ስታየኝ ሮጣ መጣች። «አባዬ! አንተ ደግሞ ከየት መጣህ?»

«እናትሽ አትሂድ ብላለች።»

«አንተስ?»

አቀርቅሬ ጫማዋን አየሁ። ተረከዙ ባንድ ወገን አልቋል፤ ሶሉ ከፊት አፉን ከፍቷል።

«በዚህማ አትሄጂም» አልኳት።

አብረን ቤት ገባን። «ቃሏን ተቀበልክ?» አለች ባለቤቴ።

መዶሻዬንና ወስፌዬን ከአልጋ ሥር አወጣሁ። ጫማውን ጭኔ ላይ አደረግኩት። ባለቤቴ አንዴ እኔን፣ አንዴ ልጅቷን አየች። ከዚያ ወንበሯን ስባ አጠገቤ ተቀመጠች።

«እንግዲያው ጠበቅ አድርገህ ስፋው» አለችኝ።