የዓሣ ግብዣ በሐምሌ

አሊ ግብዣውን ይዞ የመጣው ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ደሳለኝ የቦዩን አፍ ሲጠርግ ነው። ባዶ እጁን ነበር። አካፋ ያልያዘ ጎረቤት ደግሞ በሐምሌ ያስፈራል።

«ሐሙስ ሐይቅ እንሂድ» አለው ከላይ ቆሞ። «ራዊያ ልጄ እዚያ ሻይ ቤት ከፍታለች። ውሃውን እናያለን፣ ጀልባ እንሳፈራለን፣ ዓሣችንን በልተን ለማታ እቤታችን ነን።»

«በሐምሌ?»

«ሐምሌ ምን አለበት?»

ምን አለበት ይላል እንዴ! ከሮቢት በታች ላለ ገበሬ ሐምሌ የሽርሽር ወር አይደለም። ሜዳው ላይ ጠብ ሳይል ደጋው ላይ ይዘንብና ጎርፉ ወንዙን ሞልቶ ቆላ ይወርዳል። ያንን ጎርፍ በቦይ ጠልፎ ማሳው ያስገባ ሰው፣ ማሽላው ሁለት ሦስት ጊዜ ከጠጣለት ዓመቱን ተወጣው። ጎርፉ ሲመጣ ከማሳው ያልተገኘ ግን ሲያልፍ እንኳ አያየውም፤ ሌላው ሲያወራ ይሰማል።

የአሊ ማሳ ከላይ ነው፣ የደሳለኝ ከሥሩ። ደንቡን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል፦ ውሃው ከላይኛው ማሳ ጉልበት ሲደርስ፣ የላይኛው ሰው ክትሩን፣ ያንን ከአፈር የተካበ ግድቡን፣ በአካፋ ቆርጦ ለታችኛው ይለቃል። ግን የማን ጉልበት? አሊ ረጅም ነው፣ ደሳለኝ አጭር። ሁለት ዓመት የተጣሉት በዚሁ ነው። አምና ዱላ ተማዘው የደሳለኝ የፊት ጥርስ ወለቀ፣ የአሊ ክንድ ተሰበረ። ግንቦት ላይ ሽማግሌዎች ገብተው አስታረቋቸውና «ከአንድ ሳህን ሳትበሉ ዕርቃችሁ አይጸናም፤ አልበላም ያለ፣ አፍራሹ እሱ ነው» ብለው ተነሡ። ይሁን እንጂ የአሊን ዕርድ ደሳለኝ አይበላ፣ የደሳለኝን አሊ አይበላ፤ ሳህኑ ሳይቀርብ ሐምሌ ገባ።

«ዓሣ እኮ» አለ አሊ ፈገግ ብሎ፣ «ማን ባረደው ተብሎ አይጠየቅም። የክርስቲያንም ነው፣ የእስላምም ነው።»

ይኼ አባባል ደሳለኝን ጭራሽ አስጠረጠረው። ታስቦበታል ማለት ነው።

እራት ላይ ለሚስቱ ለመቅደስ ነገራት።

«ሂዳ!» አለችው። «እምቢ ብትል አፍራሹ አንተ ልትሆን ነው።»

«ለምን በጎርፍ ወር?»

«ልጁ ናፍቃው ይሆናላ።»

«ልጁ ከመጋቢት ጀምሮ እዚያ ናት። በመጋቢት አልናፈቀችውም?»

መቅደስ ሳቀች። «አንተ እኮ ገንፎ ሲሰጡህም ስንጥር ነው የምትፈልገው።»

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲባል አልሰማሽም?»

«የጠረጠረውም ጥርሱን አወለቀ» አለችና ሳህኑን አነሣች።

ሐሙስ ማለዳ ግን ከቤት ሲወጣ እጇን ያዝ አደረጋት። «ስሚ መቅዲ። ጎርፉ ዛሬ ከመጣ የአሊን ሚስት ጠብቂያት። ሰይዳ ውሃው ከጉልበት አልፎ ካልቆረጠች አትጨቃጨቂ፤ ደውይልኝ። ቁረጪ ካልኩሽ ክትራቸውን ራስሽ ትቆርጪዋለሽ።»

«ዕርቁስ?»

«ዕርቁን ያፈረሰው ውሃውን የያዘው ነው።»

ሚኒባሱ ውስጥ አሊ ደሳለኝን በመስኮቱ በኩል አስቀምጦ እሱ በር በሩን ያዘ። ይቺም ተመዘገበች። ሸሚዙ የተተኮሰ ነው፤ ሽቶ ሽቶ ይላል። ጎብዬን አልፈው ወልድያ እስኪደርሱ ስለ ሐይቁ ዓሣ መተረክ አላቋረጠም፤ ምላሱ ግን ሐይቁ ላይ፣ ዓይኑ ሌላ ቦታ ነበር። ደሳለኝ ቆጥሮታል፦ አምስት ጊዜ ዞሮ በኋላ መስኮት ወደ ደጋው ሰማይ አየ። ደሳለኝ ስልኩን ባወጣ ቁጥር ደግሞ የአሊ አንገት እንደ ግመል ይመዘዛል።

«ለማን ልትደውል ነው?»

«ሰዓት እያየሁ ነው።»

«ሦስት ሰዓት ከሩብ ነው» አለ አሊ ፈጠን ብሎ። «እኔን አትጠይቀኝም?»

መርሳንና ውጫሌን አልፈው ሐይቅ ከተማ ሲወርዱ ራዊያ መንገድ ዳር ቆማ ጠበቀቻቸው። አባቷ ትከሻ ላይ ተጠምጥማ ሳመችው፤ ለደሳለኝም ጎንበስ ብላ እጅ ነሣችው። ሻይ ቤቷ ከውሃው ዳር፣ አንድ ትልቅ ዋርካ ሥር የተቀለሰች ናት። የደሴ ወጣቶች በሐይቁ ፊት ተደርድረው ፎቶ ይነሣሉ።

ደሳለኝ ሐይቁን ሲያይ ለአፍታ ሁሉም ነገር ከልቡ ወጣ። እሱ የሚያውቀው ውሃ የሚሮጥ ነው፤ ግንድ ይዞ፣ ቋጥኝ ይዞ፣ አንዳንዴም የሰው በሬ ይዞ እያጓራ የሚመጣ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ አሸዋ ብቻ ትቶ የሚጠፋ። ይኼኛው ቁጭ ብሏል። በተራሮቹ መሐል ተንጋሎ ሰማዩን ደረቱ ላይ አስተኝቶታል። ንፋስ ሲነካው ገላውን እንደሚያሳክከው ሰው ትንሽ ይነቃነቅና ይተወዋል።

«ወዴት ነው የሚሄደው?» አላት ራዊያን።

«የትም አይሄድ፣ ጋሽ ደሳለኝ። እዚሁ ነው።»

«ተራ የለውም?»

«የምን ተራ?»

ደሳለኝ ዓይኑን ወደ ውሃው መለሰ። ይኼን ሁሉ ውሃ ማንም ሳይጣላበት፣ ማንም አካፋ ይዞ ሳይጠብቀው ዝም ብሎ ተኝቶ አየው። ማሽላውን አሰበ። ጉልበቱን ያለፈ፣ ቅጠሉ መጠቅለል የጀመረ ማሽላ። ዛሬ ወይም ነገ ካልጠጣ አገዳ ብቻ ነው።

ሻይ እየጠጡ ሳለ የአሊ ስልክ ጮኸ። አሊ ቁጥሩን አየ፣ ደሳለኝን አየ፣ ከዚያ ብድግ ብሎ ከዋርካው ወዲያ ሄደ። ጀርባውን ሰጥቶ፣ አፉን በመዳፉ ሸፍኖ ያንሾካሹካል። ነፃ እጁ ግን አልተደበቀም፤ ወደ ታች ጫን፣ ጫን ያደርጋል፤ አንድ ነገር «ያዙ» እንደሚል ሰው።

ኪሱ ውስጥ አንድ ነገር ሲንቀጠቀጥ ደሳለኝ ደንግጦ ሻዩን ደፋ። የሱም ስልክ ነበር።

«መጣ!» አለች መቅደስ እያለከለከች። ከኋላዋ ጎርፉ ያጓራል። «ከፍ ያለ ነው። የነሰይዳ ማሳ ሞልቷል፤ ከጉልበት አልፎ ጭን ደርሷል። ክትሩ ላይ አካፋ ይዛ ቆማለች፣ አትቆርጥም! ስጮህባት በእጇ ሂጂ ሂጂ ትለኛለች።»

«ምን አለች?»

«አይሰማም፣ ውሃው ይጮሃል! ምን ላድርግ?»

ደሳለኝ ወደ ዋርካው አየ። የአሊ እጅ አሁንም ወደ ታች ይጫናል። ሸሚዙ፣ ሽቶው፣ መስኮቱ፣ ዓሣው፤ ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘለት። ሦስት ሰዓት መንገድ ያህል አርቆ ወስዶት፣ ሻይ እያጠጣው ውሃውን ይጠጣበታል።

«ቁረጪው» አለ ቀስ ብሎ።

«ዕርቁ—»

«ቁረጪው አልኩሽ!»

ስልኩ ተዘጋ። አሊ ተመለሰ፤ ፊቱ ላይ ላብ አለ፣ ፈገግታም አለ። «በል ጀልባዋ መጥታለች፣ እንሂድ» አለ። ደሳለኝ ተነሣ። አሁን ልቡ ቀለል ብሎታል፤ ብልጥን የበለጠ ሰው ቅለት።

ባለ ጀልባው ሁለት ላይፍ ጃኬት ሰጣቸው። የአንዱ ማሠሪያ ተበጥሷል። አሊ ደህናውን ለደሳለኝ ዘረጋለት፤ ደሳለኝ አገላብጦ አየውና የተበጠሰውን ወሰደ። ባለ ጀልባው «አይ የቆላ ሰው!» ብሎ ሳቀ። መቅዘፍ ጀመረ። «ያ ማዶ የምታዩት እስጢፋኖስ ነው፣ ገዳሙ። ዛፉን አያችሁት? ወፎቹን?» አለ። አሊ ወፍ የሚያይበት ዓይን አልነበረውም፤ ጀልባዋን በሁለት እጁ ጨምድዶ ዓይኑን ጉልበቱ ላይ ተክሏል። ያ በዱላ የማይረታ ሰው ውሃ ላይ እንደ ጫጩት ተኮራምቷል።

መሐሉ ላይ ሲደርሱ «አንድ ነገር ልንገርህ፣ አትቆጣም?» አለ።

«ንገረኝ።»

«ራዊያ ና እያለች ስትለምነኝ ከረመች። እኔ ግን አንተን እዚያ ትቼ ብመጣ ክትሬን ታፈርሰዋለህ ብዬ ፈራሁ። ዕንቅልፍ አጣሁ፣ ወላሂ። ደጋው አራት ቀን አልዘነበም፤ ሐሙስም አይዘንብም ብዬ ገመትኩና፣ ታዲያ ለምን እሱን ይዤው አልሄድም አልኩ። ከዓይኔ ካልራቀ ምን ያደርገኛል?»

ደሳለኝ መጀመሪያ አፍጥጦ አየው። ከዚያ ሳቁ አመለጠው፤ የወለቀ ጥርሱ ቦታ እስኪታይ ሳቀ። አሊም ሳቀ። ባለ ጀልባው ለምን እንደሚስቁ ሳያውቅ አብሯቸው ሳቀ።

«ቅድም የደወለልህስ ማን ነው?» አለ ደሳለኝ ሳቁን ሳይጨርስ።

የአሊ ሳቅ ቆመ። «ሰይዳ ናት። ጎርፍ መጥቷል። ክፉ ጎርፍ ነው፣ ድንጋይ እያንከባለለ፣ አሸዋ እየነዳ። ብትለቂው የደሳለኝን ማሽላ ይቀብረዋል፤ የጎርፉ ግንባር እኛ ላይ ይረፍ፣ ክትሩም ቢሄድ ይሂድ፣ ያዢው አልኳት። ከኋላ ለስለስ ያለው ሲመጣ ትቆርጥልሃለች።»

ጀልባዋ አልቆመችም፤ ለደሳለኝ ግን ቆመች። «ለምን አልነገርከኝም?»

«ውሃውን ይዣለሁ ብዬ? ላንተ?» አለ አሊ። «ታምነኝ ነበር?»

ደሳለኝ ስልኩን አወጣ። ኔትወርክ የለም። ከፍ አድርጎ ያዘው፣ ተነሥቶ ቆመ፤ ጀልባዋ ተንገዳገደች፤ አሊ «ያ አላህ!» ብሎ እግሩን ያዘው።

«መልሰን!» አለ ደሳለኝ ባለ ጀልባውን። «ቶሎ በል፣ ወደ ዳር!»

ዳር እስኪደርሱ ያለው ጊዜ ከሮቢት ሐይቅ ድረስ ካለው መንገድ ረዘመ። እንደ ወረዱ ደወለ፤ መቅደስ አታነሣም። እንደገና ደወለ። በዚህ መሐል የአሊ ስልክ ጮኸ። አሊ ሰማ፣ ሰማ፣ አንድ ጊዜ ብቻ «ሁለታችሁም ደህና ናችሁ?» አለ። ከዚያ ስልኩን ዝቅ አደረገ።

«ቆርጣዋለች» አለ። «ሰይዳ ልትይዛት ስትሮጥ ቆርጣዋለች። ክትሬ ከሥሩ ተነቅሎ ሄደ። ያንተ ማሽላ ደግሞ…» እጁን ዘርግቶ በአየሩ ላይ ደልደል አደረገው። «አሸዋ ነው አለች። ጫፉ እንኳ አይታይም። ሁለቱም ደህና ናቸው፤ ዳገቱ ላይ ወጥተዋል። መቅደስ ታለቅሳለች።»

ደሳለኝ ዋርካው ሥር ቁጭ አለ። አንድ ዓመት ሙሉ፣ ልጆቹ የሚበሉት፣ ከብቶቹ የሚቀረጥፉት አገዳ ሳይቀር፣ ባንዲት ቃል ሄደ።

አሊ አጠገቡ ተንበረከከ። «አትቆጣት» አለው። «ደንግጣ ነው። ሴት ልጅ ብቻዋን ከጎርፍ ጋር ስትጋፈጥ ምን ታድርግ? እኔም ቂም አልይዝባትም።»

ለደሳለኝ የማምለጫ በር ወለል ብሎ ተከፈተለት። ዝም ቢል ነገሩ በዚሁ ያልቃል። መቅደስ ባሏን አትከዳም፤ «ደንግጬ ነው» ትላለች፣ መንደሩም ይቀበላታል። አሊ ያዝንለታል። ዘንድሮ የተራበ ሰው ሐዘኔታ ያስፈልገዋል። ግን ከዛሬ ጀምሮ ቦዩ ዳር ያለ ሰው ሁሉ የሚጠቋቆመው በሷ ነው፤ እሷ ደግሞ ቀድማ «ዕርቁስ?» ያለችው ናት።

«መቅደስ አልደነገጠችም» አለ። «ቁረጪ ያልኳት እኔ ነኝ።»

አሊ አልገባውም። «መቼ?»

«አንተ ከዋርካው ወዲያ ስታንሾካሹክ።»

አሊ ዋርካውን ዞሮ አየው፤ እዚያ ጋ ገና ራሱ ቆሞ የሚያወራ ይመስል። ከዚያ የተሰበረችውንና የዳነችውን ክንዱን ማሸት ጀመረ። ረጅም ጊዜ አሻት። አልጮኸም፣ አልሰደበም፤ ቢሰድበው ለደሳለኝ ይሻለው ነበር።

«ድምፄን ከፍ አድርጌ ባወራ ኖሮ» አለ በመጨረሻ፣ ለራሱ እንደሚናገር።

«እኔም ብጠይቅህ ኖሮ።»

«ብትጠይቀኝ እዋሽህ ነበር» አለ አሊ። «እውነቱን ልንገርህ። እዋሽህ ነበር።»

ራዊያ ከውስጥ «ዓሣው ደርሷል!» ብላ ተጣራች። አሊ ብድግ ብሎ ሱሪውን አራገፈ። «ዓሣው ይቅር፣ የስምንት ሰዓቱን መኪና እንያዝ። እንዳለ አሸዋ ነው ወይስ ሥሩ የተረፈ አለ፣ በዓይናችን እንየው።»

በዓይናችን አለ። ደሳለኝ ይህችንም ቃል አገላበጣት። ሰይዳ የነገረችው እውነት ይሆን? ያ ለስላሳ ውሃ ይለቀቅለት ነበር? ወይስ ይኼም ከተቆረጠ በኋላ የተሠራ ወሬ ነው? አሸዋው መልስ አይሰጥም። ማወቂያ የለውም፣ ዕድሜ ልኩንም አይኖረውም።

ከሐይቁ ወደ አስፋልቱ የምታወጣው መንገድ ላንድ ሰው ብቻ የምትበቃ ናት፤ በግራና በቀኟ ጭቃ ነው። አሊ ገለል ብሎ «ቅደም» አለው። ደሳለኝም ገለል ብሎ «አንተ ቅደም፣ አያ አሊ» አለ። ጥቂት ተፋጠው ቆሙ። ሁለቱም ጀርባቸውን ለመስጠት አልደፈሩም። መጨረሻ ላይ ጎን ለጎን ሆነው ሄዱ፤ መንገዷን በመሐላቸው ባዶ ትተው፣ እያንዳንዱ በየበኩሉ ጭቃውን እየረገጠ።