የማዘናጊያው ሩጫ

ትሬቨን ሆሎዌይን ጉድ የሠራው ፍጥነቱ ነው። ትንሽ ቀርፈፍ ቢል ኖሮ ኳስ ይወረውሩለት ነበር። በአንድ የሚሲሲፒ ኮሌጅ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ውስጥ ሦስት ዓመት ሙሉ ኳስ ተቀባይ ተብሎ ሲጫወት ሥራው አንድ ብቻ ነበር፤ በሜዳው ጠርዝ ቀጥ ብሎ መክነፍ። ሁለት ተከላካዮች ሊይዙት እያለከለኩ ይከተሉታል፤ እነሱ በለቀቁት ቦታ ሌላ የቡድኑ ልጅ ኳሱን ተቀብሎ ይጨበጨብለታል። አሰልጣኝ ፕሩት ይህን «ቤት መጥረግ» ይለዋል።

መጀመሪያ ሰሞን ትሬቨን እየሮጠ ዞር ይል ነበር፤ ምናልባት ቢወረወርልኝ ብሎ። ፕሩት አበደ።

«አንገትህን ባዞርክ ቁጥር አንድ እርምጃ ታጣለህ! ወጥተህ ደረጃውን ሩጥ!»

የስታዲየሙን ደረጃ ሲወጣ ሲወርድ ከረመ። በመጨረሻ ነገሩ ለአንገቱም ገባው፤ መዞር ተወ።

እናቱ ቨርኔታ ሳምንቱን ሙሉ ዶሮ ማረጃ ፋብሪካ ስትቆራርጥ ሰንብታ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ነድታ ትመጣለች። ቅቅል ኦቾሎኒዋን ይዛ፣ ልጇ ሮጦ በሚደርስበት የሜዳው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች።

«አንተ ልጅ፣ ሩጫህንማ ዕቃ ሰብረህ ስትጠፋ ጠግቤዋለሁ። ኳስ የምትይዘው መቼ ነው?»

«አሰልጣኙ ተራህ ይደርሳል ብሎኛል፣ እማዬ።»

«ሦስት ዓመት የማይደርስ ምን ዓይነት ተራ ነው?»

የመጨረሻው ጨዋታ ቀን ከፕሮፌሽናል ክለብ የመጣ ተጫዋች መልማይ ትሬቨንን ማሟሟቂያ ላይ ጠጋ አለው።

«ፍጥነትህን አውቃለሁ፤ እጅህን ግን አላየሁም። ዛሬ አንዲት ረጅም ኳስ ያዝልኝ፣ ለሙከራ እጠራሃለሁ።»

ትሬቨን ሮጦ ለፕሩት ነገረው፤ ለመነው ማለት ይሻላል። ፕሩት «እናያለን» አለ። እስከ መጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ያየው ነገር ግን አልነበረም። አሁንም ያው ትእዛዝ መጣ፤ ቤት መጥረግ።

ኳስ ወርዋሪው ኮልተን የትሬቨን የመኝታ ክፍል ጓደኛ ነው፤ ልመናውን ሰምቷል። ትሬቨን ሲፈተለክ አንዱ ተከላካይ አዳልጦት ወደቀ፣ ሌላው ኋላ ቀረ። ኮልተን ይህን አየና የፕሩትን ትእዛዝ ትቶ ባለ በሌለ ኃይሉ ወረወረለት።

ስታዲየሙ አንድ ላይ ጮኸ። ትሬቨን ጩኸቱን ያውቀዋል፤ ሦስት ዓመት ከኋላው ሰምቶታል። ፊት ለፊት እናቱ ብድግ ብላ ሁለት እጇን ስታወናጭፍ አያት። አልዞረም። ፈገግ አለላት።

ኳሱ ትከሻውን መትቶ ሣሩ ላይ ነጠረ።

«ዓይንህ የት ነው ያለው?» እያለ ፕሩት ከመስመር ዳር አምባረቀ። «ሰው ዞር ብሎ አያይም?» ይህን ያለው ራሱ ፕሩት ነው፤ ምንም አላፈረም። መልማዩ ማስታወሻውን ዘግቶ ከመቀመጫው ወረደ።

መኪናው ዘንድ ቨርኔታ ኦቾሎኒውን ዘረጋችለት። አልተቀበላትም።

«ዙር እያልኩህ ነበርኮ፣ ልጄ። አላየኸኝም?»

«አይቼሻለሁ። ለሌላው የምታጨበጭቢ መስሎኝ ነው።»

እናቱ ቁልፏን እንደያዘች ቆመች።

«እኔ መቼ ለሌላ ሰው አጨብጭቤ አውቃለሁ?»