ስድስተኛው ሳይደርስ

መምህርት አዝመራ ጎንደር ላይ ኮምፒውተር ስታስተምር፣ ብዙ ሥራ ባንድ ጊዜ ማሠራትን በደቦ ነበር የምታስረዳው፦ ሁሉም የየድርሻውን ያጭዳል፣ የመጨረሻው ሰው ሳይደርስ ግን ማንም ወደ ቀጣዩ ማሳ አይሻገርም።

ዛሬ የሃና ቡድን ለፈተና ያቀረበው ፕሮግራም ቆሞ ቀረ። ከስድስቱ አባላት አንድ አንድ፣ ስድስት ክፍል ይጠብቃል፤ የደረሰው አምስት ነው። ስድስተኛውን ሊጽፍ የነበረው አለምነህ ለዕረፍት ወደ ዛሪማ እንደሄደ አልተመለሰም፤ ይኸው አራት ወሩ፣ ስልኩም ዝግ ነው።

«ስድስቱን አምስት ብንለውስ? ፕሮግራሙ ወዲያው ይሄዳል» አለ ክንዱ።

«ምነው፣ እሱን ለመቅበር ቸኮልክ?» ሃና ጮኸችበት። «ቁጥሩን የጻፈው እሱ ነው!»

«ሸጋ! እንግዲያስ ለእሱ ብለን ሁላችንም እንውደቅ!»

የአዝመራ ደም ፈላ። ትናንት ከቢሮ ታዝዛ የአለምነህን ስም ከመዝገብ የሰረዘችው እሷው ነበረች፤ አንዲት ቃል እንኳ ሳትከራከር።

«ሁለታችሁም ዝም በሉ!» አለችና በአለምነህ ባዶ ወንበር ተቀምጣ የጎደለውን ክፍል ራሷ ጻፈችው።

ፕሮግራሙ ተንቀሳቀሰ። አለምነህ ከመሄዱ በፊት የፕሮግራሙ መጨረሻ ላይ ያስቀመጠው መስመር ስክሪኑ ላይ ወጣ፦ «ስድስታችንም ደርሰናል።»

ሁሉም ወደ በሩ ዞሩ። በሩ ላይ ማንም አልነበረም። አዝመራ ግን መዝገቡን ከቦርሳዋ አውጥታ የሰረዘችውን ስም እንደገና ጻፈች።