በእጅጌ የታሰረችው ማሽን

በደስታ ነው የሰጠነው ይላል፣ በደስታ፣ ማን ነው ደስ ያለው፣ እሷ? እሷ እኮ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ዓይኗን አፍጥጣ ተቀምጣለች፣ ደስታ ፊቷ ላይ ካለ ይፈልጉት፣ ባሏ ግን ከመድረኩ ላይ በእጁ ወደ እሷ እያመለከተ እኔና ባለቤቴ የስፌት ማሽናችንን ለጌታ ሥራ ሰጥተናል ሲል አዳራሹ በጭብጨባ ይናጋል። ማሽናችን! ከመቼ ወዲህ ነው ያንተ የሆነችው አንተ ሰውዬ፣ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት የማትችል፣ የሸሚዝህ ቁልፍ ቢበጠስ በስቴፕለር አያይዘህ ቢሮ የሄድክ!

ታድለሽ እህቴ ይሏታል አጠገቧ የተቀመጡት የእናቶች ሰብሳቢ፣ እንዲህ ያለ ባል ማን አለው፣ አሜን ትላለች፣ ምን ትበል።

አርብ ዕለት። ክርና ቁልፍ ልትገዛ ወጥታ ስትመለስ፣ ማሽኗ ሃያ ሁለት ዓመት በቆመችበት ቦታ ወለሉ ላይ የአራት እግሯ ምልክት ብቻ፣ ሌባ! ብላ ጮኸች፣ ኧረ ሌባ! ባሏ ከዚያ ከቆዳ ወንበሩ ላይ ሳይነሳ ምን ያስጮህሻል አለ፣ ለቤተ ክርስቲያን ሰጠኋት፣ ለሴት ልጆች የስፌት ሥልጠና ሊጀመር ነው፣ አራት መዘምራን መጥተው ወሰዷት። ሳትነግረኝ? እንግዲህ አትነጫነጪ፣ እኛ ባለአደራ ነን፣ ባለቤቱ እግዚአብሔር ነው፣ አንቺ ከባለቤቱ በላይ ልትሆኚ ነው?

ከባለቤት ያወቀ ቡዳ ነው ይባል የለ፣ እና እዚህ ቤት ከባለቤቱ በላይ ያወቀው ማን ነው፣ እግዚአብሔር መጥቶ ማሽኗን አምጣ ብሎታል? ሳይጠሩት አቤት ሳይልኩት ወዴት! እሺ አደራ ነው እንበል፣ አደራ ነው፣ እሷ መች ካደች፣ ታዲያ አደራው የተሰጠው ለማን ነው? አክስቷ አልጋ ላይ ሆና እጇን ይዛ ምን አለቻት፣ ይቺን ማሽን ላንቺ ትቻለሁ፣ አንቺንም ያሳደግኩሽ በእሷ ነው፣ ሥራ እንዳታስፈቻት፣ ዕቃ የሚሞተው ሥራ ሲፈታ ነው፣ ደግሞ አሥረኛዋን አደራ። አሥረኛዋን። አክስቷ ዘጠኝ ልብስ በዋጋ ሰፍታ አሥረኛውን መክፈል ለማይችል ሰው በነጻ ትሰፋ ነበር፣ አሥራቴ ነው ትል ነበር፣ ለአሥረኛው ደግሞ ከሁሉ የተሻለውን ጨርቅ ትመርጣለች፣ እግዚአብሔር ቁራጭ አይለብስም እያለች። ይኸው እሷም ሃያ ሁለት ዓመት እንደዚያው፣ አንድም ቀን ሳታወራ፣ መድረክ ላይ ሳትወጣ፣ ማን አጨበጨበላት።

አርብ ዕለት መርፌው ሥር የነበረችውም አሥረኛዋ ነች። የልብስ አጣቢ ጎረቤቷ ልጅ የነርስነት ትምህርት ጨርሳ ሰኞ ሥራ ትጀምራለች፣ ነጭ ጋዋን ራስሽ አምጪ ብለዋታል፣ እናትየው ደግሞ የሰው ልብስ ስታጥብ እጇ አልቆ ለልጇ አንድ ጋዋን መግዣ የላትም፣ እሷ ናት ምን ታስቢያለሽ እኔ እያለሁ ብላ ሥራውን የተቀበለችው፣ አንዱ እጅጌ ተሰፍቶ አልቋል ሁለተኛው ግማሽ ላይ ነበር። ጨርቁስ? አለችው ባሏን፣ የቱ ጨርቅ? ነጩ! እ፣ አዎ የሆነ ነገር ነበረ፣ ልጆቹ አብረው ወስደውት ይሆናል። የሆነ ነገር! ቅዳሜ ሄዳ አዳራሹን ብታንኳኳ ዘበኛው ቁልፍ የለኝም እሁድ ነይ አላት። ይኸው እሁድ። ቦርሳዋ ውስጥ መጽሐፍ ቅዱስ፣ መቀስና ነጭ ክር።

ምናልባት ስስታም ነኝ? ጌታ ሆይ አንተ ታውቃለህ፣ ብረት አምልኬ ከሆነ፣ ሌሊቱን ሙሉ ይህንኑ ስትጠይቅ አደረች፣ ሰው ለቤተ ክርስቲያን ቢሰጥ ምን ያናድዳል፣ ልጆቹ ቢማሩ ምን ይከፋል፣ ቢጠይቃት እኮ፣ አንድ ቃል፣ እስኪ ምን ይመስልሻል ቢላት፣ እሷ ራሷ ነበረች ልጆቹን ወደ ቤት ጠርታ የምታስተምረው። አይ፣ ስስት አይደለም። የሰው ወርቅ አያደምቅ፣ እሱ ግን ደምቋል፣ ይኸው ከረባቱን እያስተካከለ። ያንን የቆዳ ወንበሩን ለምን አልሰጠም፣ እሷ ትወለውለዋለች እንጂ አትቀመጥበትም፣ የእህቱ ልጅ አንድ ቀን ብትቀመጥበት ተነሺ አላት፣ እዚያ ላይ ተንፈላስሶ ነው ስለ መስጠት ትምህርት የሚያዘጋጀው!

አሁን መክሊቱን መሬት ቆፍሮ የቀበረውን ባሪያ እያነሳ ነው፣ ወገኖቼ፣ ይላል፣ ጌታው ሲመለስ ምን አለው? ትነሳለች። ወዴት ነሽ ይላሉ ሰብሳቢዋ፣ ሽንት ቤት፣ ሌላ ምን ትበል።

ኮሪደሩ ላይ ዘበኛው ወንበር ይደረድራል፣ ዕቃ ቤቱ ዛሬ ክፍት ነው። ገባ ትላለች። ኧረ አምላኬ። የተሰበረ ድምፅ ማጉያ፣ የተጠቀለለ ምንጣፍ፣ ፕላስቲክ እንኳ ያልወለቀላቸው ኮምፒውተሮች፣ ጥግ ላይ እሷ፣ ማሽኗ፣ አናቷ ላይ የማስታወቂያ ጨርቅ ተከምሮባት። ሥልጠናው መቼ ነው የሚጀመረው አባባ? እኔ እንጃ ልጄ፣ አስተማሪ ሲገኝ ነው ይላሉ፣ እነዚያ ኮምፒውተሮችም አምና የተሰጡ ናቸው። አስተማሪ ሲገኝ! ከአስተማሪ ጋር እኮ ነው በአንድ አልጋ የሚተኛው!

የማስታወቂያውን ጨርቅ ታነሳለች። እጅጌው። ነጩ እጅጌ። ማሽኗ ስትጓዝ እንዳትወድቅ ከጠረጴዛዋ ጋር የታሰረችበት ገመድ እሱ ነው፣ ሁለት ጊዜ ዞሮ፣ በሁለት ቋጠሮ፣ የቀረው ጋዋን ከሥሯ ተንጠልጥሎ። የአክስቴን አሥራት ገመድ አደረጋችሁት፣ የልጅቷን የመጀመሪያ ቀን፣ ለእግዚአብሔር የተሰጠውን በእግዚአብሔር ስም አሰራችሁበት፣ እና መድረክ ላይ ጭብጨባ! እንባዋ ይመጣል፣ ታባርረዋለች፣ አሁን የለቅሶ ሰዓት አይደለም፣ ቋጠሮውን በጥርሷ ትፈታለች፣ ጨርቁ ተጨማድዷል ግን አልተቀደደም፣ አንዲት የዘይት ነጠብጣብ አለች፣ እሷም ወደ ውስጥ በሚታጠፈው በኩል ናት፣ ተመስገን፣ ባለቤቱስ ያውቃል።

የፕላስቲክ ወንበር ስባ ትቀመጣለች። ክር ታስገባለች። ፔዳሉን ስትረግጥ ማሽኗ አንድ ጊዜ ታጉረመርማለች፣ ከዚያ ጠክ ጠክ ጠክ፣ ግድግዳው ስስ ነው፣ በወዲያ በኩል የባሏ ድምፅ እና ያ ባሪያ ብሎ ይቆማል፣ እንደገና እና ያ ባሪያ ይላል፣ ጠክ ጠክ ጠክ፣ ከዚያ የጫማው ኮቴ በኮሪደሩ።

ምን እያደረግሽ ነው?

አሥረኛዋን።

ኧረ ባክሽ፣ ሰው ይሰማል፣ የሰጠነውን ነገር እንዴት... አልሰጠሁም ትላለች፣ እጇ ሥራውን ሳያቆም፣ ልጆቹ ግን ይምጡ፣ አልከለክልም፣ ከማክሰኞ ጀምሮ ቤት ይምጡ፣ እኔ አስተምራቸዋለሁ፣ ማሽኗም ወደ ቦታዋ ትመለስ፣ እዚህ ተቀብራ አትቀመጥም። የቸገረኝ መቀመጫ ነው። አንተ እንዳልከው ሁሉም የእግዚአብሔር ነው አይደል፣ ያንን የቆዳ ወንበርህን ለልጆቹ ስጥልኝ።

ባሏ ወደ አዳራሹ ዞር ብሎ ያያል። ከኋላው ሰብሳቢዋ ደርሰዋል፣ ዘበኛውም ወንበር እንደታቀፈ ቆሟል።

ያ ወንበር እኮ የአባቴ ነው፣ ይላል።

ደረቱ ላይ የሰካትን ማይክሮፎን አላጠፋትም። የአባቴ ነው የሚለው ቃል በአዳራሹ ድምፅ ማጉያ ሁሉ ወጥቶ በኮሪደሩ ተመልሶ ይመጣል፣ እሱም አሁን ገና ይሰማዋል፣ እጁ ወደ ደረቱ ይሄዳል፣ ዘግይቷል።

ማንም አሜን አይልም። እሷ ቀና አትልም፣ ጨርቁን ታስተካክላለች፣ ፔዳሉን ትረግጣለች፣ የቀረው ግማሽ እጅጌ ነው፣ ሰኞ ደግሞ ነገ ነው።